ሲቲው «የረጋ ደም የለም» ሲል፦ የሳንባ ደም ቅዳ ምስል ምርመራዎች ግምገማ

«ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው። አንዱ የዛሬ ጥያቄ ነው፦ ትንፋሹ ድንገት ያጠረው፣ አየር ሲስብ ጎኑን የሚወጋው ሰው በዚህች ሰዓት ደም ቅዳው ውስጥ የተቀረቀረ ነገር አለው? ሌላው ከወራት በኋላ ይመጣል፦ ደም ማቅጠኛውን አንድ ቀን ሳያዛንፍ የዋጠ ሰው ዛሬም ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ የሚቆመው ለምንድን ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ በኮንትራስት፣ ማለትም ደም ስርን በምስሉ ላይ በሚያደምቅ ፈሳሽ የሚነሳው የሳንባ ደም ቅዳ ሲቲ፣ ባለሙያዎች ሲቲፒኤ የሚሉት፣ ተወዳዳሪ የለውም። ለሁለተኛው ግን ብዙዎች እንዳረጀ ዕቃ የሚያዩት፣ ምስሉ እንደ ጉም የደበዘዘው ቪኪው ስካን፣ አየርና ደም የደረሱባቸውን የሳንባ ቦታዎች የሚያነጻጽረው ምርመራ፣ ይበልጠዋል። ከዚህ በታች እያንዳንዱን ምርመራ የምንመዝነው በሁለቱም ጥያቄ ነው። በአንዱ አምስት ከአምስት ያገኘው በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ከማሽኑ በፊት

ሲቲ የሚያዋጣው በሚገባው ሰው ላይ ሲነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ፓዮፔድ 2 የተባለው ትልቅ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። ሲቲው ሕመሙ ካለባቸው ሰዎች 83 በመቶውን ያዘ፤ ከሌለባቸው ደግሞ 96 በመቶውን በትክክል ነፃ አወጣ። አስተማሪው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የሐኪሙ ቅድመ ግምት ዝቅተኛ ሆኖ ሲቲው «አለ» ያለባቸው ውስጥ እውነት ሆኖ የተገኘው 58 በመቶው ብቻ ነበር። ግምቱ ከፍተኛ ሆኖ ሲቲው «የለም» ያለባቸው ውስጥ ደግሞ እውነት የሆነው 60 በመቶው ነው። ከፍተኛ ግምት ከ«አለ» ጋር፣ ዝቅተኛ ግምት ከ«የለም» ጋር ሲገጥም ትክክለኛነቱ 96 በመቶ ደረሰ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ከዚያን ጊዜዎቹ እጅግ የፈጠኑና የጠሩ ቢሆኑም ሕጉ አልተሻረም፤ ምስሉ የሐኪሙን ግምት ያጠናክራል ወይም ያናጋል እንጂ ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

ቅድመ ግምቱን ለማስላት የዌልስ ነጥብ በብዛት ይሠራበታል። የእግር ደም ስር መርጋት ምልክት ከታየ 3 ነጥብ፣ ከሳንባው መርጋት የበለጠ አሳማኝ ሌላ ምክንያት ከጠፋ 3፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ካለፈ 1.5፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ቀዶ ሕክምና ከነበረ ወይም ሰውየው አልጋ ላይ ከዋለ 1.5፣ ቀድሞ መርጋት ከገጠመው 1.5፣ ደም የቀላቀለ ሳል 1፣ ካንሰር 1። ድምሩ ከ4 ካልበለጠ መጀመሪያ ዲ-ዳይመር የተባለው የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ ከ500 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ሲቲ አያስፈልግም። ዕድሜው ከ50 ላለፈ ሰው መቁረጫው ዕድሜው በ10 ተባዝቶ ይወሰዳል፤ ለ70 ዓመት ሰው 700 ማለት ነው። ድምሩ ከ4 በላይ ከሆነ ዲ-ዳይመሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሲቲ መሄድ ነው። ግምቱ ከፍተኛ ከሆነና የመድማት ስጋት ከሌለ ደም ማቅጠኛው ምስሉን ሳይጠብቅ ይጀመራል።

ለሁሉም ሰው ዲ-ዳይመር የሚያዝዝ የድንገተኛ ክፍል ሲቲውን በማይገባቸው ሰዎች ይሞላዋል። እርጉዝ ሴት፣ ካንሰር ያለበት፣ ኢንፌክሽን የያዘው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሳንባው ንፁህ ሆኖም ቁጥሩ ከፍ ይልበታል።

ሲቲፒኤ፦ ለዛሬው ጥያቄ 5፣ ለቆየው 3

የዚህ ምርመራ ዕጣ የሚወሰነው ሕመምተኛው ማሽኑ ላይ ከመተኛቱ በፊት ነው፤ ክንዱ ላይ ደም ስር ውስጥ በገባው ቀጭን ቱቦ፣ በካኑላው። አረንጓዴው ባለ 18 ጌጅ ወይም ሮዙ ባለ 20 ጌጅ ካኑላ ክርን መታጠፊያው ላይ ባለው ትልቅ ደም መልስ መግባት አለበት። የእጅ ጀርባ ላይ የገባ ሰማያዊ 22 ጌጅ ኮንትራስቱን በሰከንድ 4 ወይም 5 ሚሊ ሊትር ሊያሳልፍ አይችልም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኮንትራስቱ በደም ይሳሳል፣ ደም ቅዳው ይደበዝዛል፣ ትንንሾቹ ቅርንጫፎች «አይነበቡም» ተብለው ይታለፋሉ። ካኑላው በደንብ መግባቱን መጀመሪያ በሳላይን (በጨው ውሃ) በዚያው ፍጥነት መፈተን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ኮንትራስት ከደም ስር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ሲፈስ የሚመጣውን እብጠትና ሕመም ያስቀራል።

የኮንትራስቱ መጠን እንደ ማሽኑና እንደ ሰውነት ክብደት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ወዲያው ተከትሎት ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ሳላይን ይገፋል። ሳላይኑ የሚገፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በላይኛው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ የቀረ ጥቅጥቅ ኮንትራስት እንደ ፀሐይ ጨረር የሚፈነጥቅ መስመር ይፈጥርና የቀኙን ሳንባ የላይኛ ቅርንጫፎች ይሸፍናል። ሳላይኑ ያንን ያጥበዋል።

መነሻው ሰዓት የሚያዘው በዋናው የሳንባ ደም ቅዳ ላይ ትንሽ ክብ ተደርጎ የኮንትራስቱን መድረስ በመጠበቅ ነው፤ ድምቀቱ ከ100 እስከ 150 ሀውንስፊልድ (የሲቲ ድምቀት መለኪያ) ሲነካ ማሽኑ ይነሳል። ምስሉ ሲወጣ የዋናው ደም ቅዳ ድምቀት 250 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ያስደስታል፤ ከ200 ሲወርድ በተለይ ስለ ትንንሽ ቅርንጫፎች «የለም» ማለት ድፍረት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ጠንከር ማለት ይገባል፤ ድምቀቱን ለክቶ የሚጽፍ ሪፖርት ግን እምብዛም አይገኝም።

አሁን ደግሞ በብዛት ስለሚፈጸመው ስህተት። ቴክኒሻኑ «በደንብ ተንፍስ! ያዝ!» ይላል፤ ሕመምተኛው የቻለውን ያህል አየር ይስባል። ደረት ሲሰፋ ኮንትራስት ያልነካው ደም ከሆድ በታችኛው ትልቁ ደም መልስ በኩል ወደ ልብ ይጋልባል፣ ከላይ የሚመጣውን ኮንትራስት ያቋርጠዋል። ውጤቱ፦ ላይኛው ትልቁ ደም መልስ ደምቆ፣ ግራው የልብ ክፍልና ዓቢይ ደም ቅዳውም ደምቀው፣ መሃል ላይ ያለው የሳንባ ደም ቅዳ ብቻ ጠቁሮ ይታያል። ልምድ የሌለው ዓይን ይህን በሁለቱም ሳንባ የተዘራ የረጋ ደም ብሎ ያነበዋል። በእርጉዝ ሴትና በወጣት ላይ ይበዛል። መፍትሔው ነፃ ነው፦ በጥልቀት ሳይሆን በመጠኑ ተንፍሶ መያዝ፣ ከመነሳቱ በፊት አንድ ጊዜ መለማመድ። ትንፋሹን ጨርሶ መያዝ ለማይችል ሰው ምስሉን ከታች ወደ ላይ ማንሳት ይጠቅማል፤ በትንፋሽ በብዛት የሚንቀሳቀሰው የሳንባው ግርጌ ነውና እሱ ቀድሞ ይጠናቀቃል።

ንባቡ ላይም ወጥመዶች አሉ። የተለመደው የደረት መስኮት፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ የሚታየው የድምቀት ክልል፣ ስፋቱ 400 መሃሉ 40 የሆነው፣ በጣም የደመቀ ደም ቅዳ ውስጥ ያለችን ትንሽ የረጋ ደም ቁራጭ ያጠፋታል። ስፋቱን ወደ 700፣ መሃሉን ወደ 100 ማስፋት ያስፈልጋል። የምስሉ ቁራጭ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ታትሞ የሚሰጥ ምስል ለዚህ ሥራ አይሆንም። የረጋ ደም ነው የተባለው ጥቁር ቦታ ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ቁራጮች ላይ መታየት፣ በሁለት አቅጣጫም መረጋገጥ አለበት። አክታ የሞላበት የአየር ቧንቧ፣ ከደም ቅዳው ጎን ያለ የሊምፍ ዕጢ፣ ኮንትራስት ገና ያልደረሰው ደም መልስ ሁሉም ያሳስታሉ። ደም መልሱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ቧንቧውን በጣት እንደሚከተሉት በምስሉ ላይ መከተል ነው፤ ወደ ግራው ላይኛ የልብ ክፍል ከወሰደ ደም ቅዳ አይደለም።

አዲስ የረጋ ደም የራሱ መልክ አለው። ቧንቧው መሃል ተንሳፎ ዙሪያውን ኮንትራስት ይከበዋል፤ ከግድግዳው ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ማዕዘን ሹል ነው፤ የዘጋው ቧንቧ ከጓደኛው ይሰፋል። ሁለቱን ዋና ቅርንጫፎች ተሻግሮ እንደ ኮርቻ የተቀመጠው ሁሉንም ያስደነግጣል፤ ነገር ግን የሚያሰጋውን ሰው የሚለየው የረጋው ደም መጠን ሳይሆን የቀኝ ልብ ሁኔታ ነው። የቀኙ ታችኛ የልብ ክፍል ስፋት ለግራው ሲካፈል ከ1 ከበለጠ፣ መካከላቸው ያለው ግድግዳ ወደ ግራ ከጎበጠ ሪፖርቱ በመጀመሪያው መስመር ሊለው ይገባል። ሁለት ገጽ ሙሉ የቅርንጫፍ ስም ዘርዝሮ ስለ ቀኝ ልብ ምንም ያላለ ሪፖርት ግማሽ ሥራ ነው።

በተቃራኒው አንዲት በጣም ትንሽ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ የታየች ጥርጣሬ ሁለተኛ አንባቢ ያስፈልጋታል። በዚህ ደረጃ ሁለት ጎበዝ ራዲዮሎጂስቶች በቀላሉ ይለያያሉ። የሁለቱን እግሮች ደም ስሮች በአልትራሳውንድ ማየት፣ ሰውየው ካንሰር እንዳለበት ማጣራት፣ ከዚያ መወሰን፤ በአንድ ነጥብ ምክንያት ለወራት ደም ማቅጠኛ ማስዋጥ የራሱ የመድማት ዋጋ አለው።

ጨረሩ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ነው፣ የወጣት ሴት ጡትም ድርሻውን ይወስዳል። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰውና ቀድሞ በአዮዲን ኮንትራስት ከባድ አለርጂ የገጠመው ሰው ሌላ መንገድ ይፈለግላቸው። የዓሣ ወይም የባሕር ምግብ አለርጂ ግን ከአዮዲን ኮንትራስት ጋር ልዩ ዝምድና የለውም፤ ይህ ወሬ እስካሁን በመጠየቂያ ቅጾች ላይ መኖሩ ያስገርማል።

የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው ወደ ሲቲ ክፍል አይጋዝም። አልጋው አጠገብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይደረግለታል፤ የቀኝ ልብ ተለጥጦ ከታየና ሌላ ምክንያት ከጠፋ ሕክምናው በዚያው ይጀመራል።

ቪኪው ስካን፦ ለዛሬው 3፣ ለቆየው 5

አሠራሩ ቀላል አመክንዮ አለው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ጨረር አመንጪ ጋዝ ወይም እንደ ጭስ የረቀቀ ብናኝ ይተነፍሳል፤ አየር የደረሰበት ሳንባ ይበራል። ከዚያ ጨረር አመንጪ በሆነው ቴክኒሺየም 99ኤም የተለበጡ የአልቡሚን ቅንጣቶች በደም ስር ይሰጡታል፤ ደም የደረሰበት ይበራል። አየር ደርሶ ደም ያልደረሰበት፣ ሽብልቅ መሳይ ቦታ ካለ ደም ቅዳው ተዘግቷል ማለት ነው። ሁለቱም ያልደረሱበት ቦታ ግን ወደ ሳንባ ምች፣ ወደ አስም፣ ወደ ቆየ የሳንባ በሽታ ይጠቁማል።

ቅንጣቶቹ መጠናቸው ከ10 እስከ 90 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ቀጫጭኖቹ የሳንባ ደም ስሮች ላይ ይሰካሉ፤ ይህ ብዙ ሰው ያስፈራል። ከ200,000 እስከ 700,000 ቅንጣት የሚዘጋው ከሺህ አንዱን ቀጭን ደም ስር እንኳ አይሞላም፤ ቅንጣቶቹም በሰዓታት ውስጥ ተሰባብረው ይጠፋሉ። የሳንባ ደም ግፊታቸው በጣም ለናረና በልባቸው ውስጥ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ላለባቸው ቁጥሩ ወደ 100,000–200,000 ይቀነሳል። ይህ መረጃ ለክፍሉ አስቀድሞ ካልተነገረ ቅነሳው አይደረግም።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ጥቂት ግን ተደጋጋሚ ናቸው። ሕመምተኛው መርፌውን በጀርባው ተኝቶ መውሰድ አለበት፤ ተቀምጦ ከወሰደ ቅንጣቶቹ በስበት ወደ ታች ይወርዱና የሳንባው ጫፍ የተዘጋ ይመስላል። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት በዝግታ ይገለባበጣል፣ ያለዚያ ቅንጣቶቹ ይዘቅጣሉ። ደም ወደ መርፌው ውስጥ መሳብ አይፈቀድም፤ ደሙ ከቅንጣቶቹ ጋር ይረጋና በምስሉ ላይ የሚንቦገቦጉ ነጥቦች ሆኖ ይወጣል። ካኑላው በትክክል መግባቱ በሳላይን ይፈተን።

ስሙን ያጠፋው እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የመጀመሪያው ፓዮፔድ ጥናት ነው። «ከፍተኛ ዕድል» የሚለው ውጤት ሕመሙ ካለባቸው 41 በመቶውን ብቻ ያዘ፤ ብዙዎቹ «መካከለኛ» በሚለው ከረጢት ውስጥ ቀሩ፣ ሐኪሙም ይዞት የመጣውን ጥያቄ ይዞ ተመለሰ። ለዛሬው ጥያቄ ሦስት የሰጠነው ለዚህ ነው። ነገር ግን የዚያ ጊዜው ምስል ጠፍጣፋ ነበር፤ ዛሬ ካሜራው ዙሪያውን እየዞረ በሦስት አቅጣጫ ይሠራል፣ ንባቡም «አለ»፣ «የለም»፣ «አይታወቅም» ወደሚል አጭር ፍርድ ተለውጧል። ደረት ራጁ ንፁህ ለሆነ ወጣት፣ ለእርጉዝ ሴትና ኮንትራስት ለማይስማማው ሰው ዛሬም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ጨረሩ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ለእርጉዝ ሴት ብዙ ጊዜ የደም ክፍሉ ብቻ በዝቅተኛ መጠን ይበቃል፤ እግሯ ካበጠ ደግሞ ከሁሉም በፊት የእግር አልትራሳውንድ።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንካሬው ይህ ነው፦ ደም በሁለቱም ሳንባ በእኩል የተዳረሰበት ንፁህ ስካን የቆየ መርጋትን በተግባር ከነጭራሹ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የ227 ሕመምተኞች ንጽጽር ቪኪው የቆየውን ሕመም ከ96 እስከ 97.4 በመቶ ሲይዝ ሲቲፒኤ ግን 51 በመቶውን ብቻ እንደያዘ አሳይቷል። በአዳዲስ ማሽንና በሠለጠነ ዓይን ሲቲው ከዚያ ብዙ ከፍ ብሏል። ሆኖም «የሠለጠነ ዓይን» የሚለው ቃል ነው ክብደቱ። ቪኪው ላይ የጎደለው ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ሲቲው ላይ ግን ግድግዳ ላይ የተለጠፈን ስስ ጠባሳ መፈለግ ያስፈልጋል፤ የሚፈልገውን የማያውቅ አያገኘውም።

ድክመቱንም አንደብቅ። ቪኪው መዘጋቱን እንጂ በምን እንደተዘጋ አይናገርም፤ ደም ቅዳውን ከውጭ የተጫነ ዕጢ፣ የደም ቅዳ ግድግዳ ቁጣ፣ በቧንቧው ውስጥ የበቀለ ካንሰር ሁሉም ተመሳሳይ ባዶ ቦታ ይሰጣሉ። የሕመሙን ክብደትም አሳንሶ ያሳያል፦ ቅንጣቶቹ በከፊል በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሾልከው ስለሚያልፉ፣ ግፊቱ ጣሪያ የነካ ሰው ስካኑ «መጠነኛ ግራጫ» ብቻ ሊሆን ይችላል።

የቆየው መርጋት መልክ

አዲስ የረጋ ደም በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታትና በወራት ይሟሟል። በጥቂቶች ላይ ግን አይሟሟም፤ ወደ ጠባሳ ተለውጦ ከግድግዳው ጋር ይዋሃዳል፣ ቧንቧውን ያጠበዋል፣ የሳንባው ደም ግፊት ይወጣል፣ የቀኝ ልብ ይወፍራል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ሙሉው ሁኔታ በአጭሩ ሲቴፍ ይባላል። ለመባል ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ቢያንስ 3 ወር በአግባቡ የተወሰደ ደም ማቅጠኛ፣ በምስል የታየ ያልተሟሟ መዘጋት፣ በካቴተር የተለካ አማካይ የሳንባ ደም ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ፣ የግራው ልብ ግፊት ሳይጨምር፣ ከፍ ካለ የሳንባ ደም ስር ተቃውሞ ጋር። የ3 ወሩ ሕክምና ሳይሞላ የተነሳ ቪኪው ለዚህ ጥያቄ አይውልም፤ ገና ያልሟሟ አዲስ ደም ያንኑ ባዶ ቦታ ይሰጣልና።

ከሲቴፍ ሕመምተኞች ሩብ ያህሉ ቀደም ሲል መርጋት ነበረብኝ አይሉም። ዓመታት «አስም» ወይም «የልብ ድካም» ሲባሉ የሚኖሩት እነዚህ ናቸው፤ የመርጋት ታሪክ የለም ብሎ ቪኪውን መሰረዝ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲቲውን የሚያነብ ሰው የሚፈልጋቸው ነገሮች ከአዲሱ ተቃራኒ ናቸው። ጥቁሩ ቦታ መሃል ላይ አይንሳፈፍም፤ ግድግዳው ላይ እንደ ልስን ተለጥፎ ማዕዘኑ ደንዳና ይሆናል። ቧንቧው አይሰፋም፣ ይጠባል፤ አንዳንዴ እንደ ከረጢት ጫፍ በድንገት ያበቃል። በውስጡ ድር መሰል ክሮችና ቀጭን መጋረጃዎች ይዘረጋሉ። ካልሲየም ሊታይ ይችላል። ሳንባው ራሱ ዥንጉርጉር ይሆናል፦ ደም የበዛበት ነጣ፣ ደም ያነሰበት ጠቆር፣ በጠቆረው ውስጥ ያሉት ደም ስሮችም የቀጠኑ። ዥንጉርጉሩ ከትንንሽ የአየር ቧንቧዎች በሽታ ሊመጣም ይችላል፤ ሰውየው አየሩን አስወጥቶ ምስሉ ሲነሳ የጠቆረው ቦታ ይበልጥ ከለየ ጥፋቱ የአየር ቧንቧው ነው። የሳንባውን ሥጋ የሚመግቡት የብሮንካስ ደም ቅዳዎች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፉ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ሰውነቱ የተዘጋውን በሌላ በኩል ሊያካክስ ሲሞክር ነውና። ዋናው ደም ቅዳ ከ29 ሚሊ ሜትር መብለጡ፣ የቀኙ ልብ ግድግዳ ከ4 ሚሊ ሜትር መወፈሩ ይጨመርበታል።

እነዚህ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚገኙት የመጀመሪያው ድንገተኛ ሲቲ ላይ ነው፤ «አዲስ» ተብሎ የታከመው ሰው አሮጌውን አስቀድሞ ተሸክሞት ኖሯል። ኢኮም በዚህ ላይ አንድ ጥሩ ፍንጭ አለው። ጤነኛ የነበረ ቀኝ ልብ ስስ ግድግዳ ስላለው በድንገት ትልቅ ግፊት ማመንጨት አይችልም። በመጀመሪያው ቀን በቀኙ ልብ ቫልቭ በኩል የተለካው የግፊት ልዩነት ከ60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ካለፈ ያ ልብ ለወራት ሲታገል የኖረ ነው። ኢኮውን ለክትትል 4 እንሰጠዋለን፤ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ በቀኝ ልብ ቫልቭ የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሰከንድ ከ2.8 ሜትር ሲያልፍ ያስጠነቅቃል። መደበኛ ኢኮ ግን በእረፍት ላይ የተሠራ ነው፤ ሕመሙ የሚሰማው ሰውየው ሲንቀሳቀስ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬውን አይዘጋም።

ስለሌሎቹ በአጭሩ

ኤምአርአይ ለዚህ ሥራ ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ፓዮፔድ 3 ከተነሱት ምስሎች ሩብ ያህሉ ለንባብ የማይበቁ ነበሩ። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ግን የቀኝ ልብን ሥራ ለመለካት የሚስተካከለው የለም።

በሁለት የራጅ ኃይል የሚነሳው ሲቲ አዮዲኑን ለይቶ የደም ስርጭት ካርታ ይሠራል፤ በአንድ ጊዜ ቧንቧውንም ስርጭቱንም ያሳያል። ለቆየው ጥያቄ ሲቲውን ከ3 ወደ 4 የሚያነሳው ይህ ነው። ከላይኛው ትልቁ ደም መልስና ከልብ አጠገብ በሚታየው ባዶ ቦታ ላይ ግን አለመቸኮል፤ አብዛኛው ከጥቅጥቅ ኮንትራስትና ከልብ እንቅስቃሴ የሚመጣ የውሸት ምስል ነው።

የካቴተር አንጂዮግራፊ ለዛሬው ጥያቄ ቦታውን ለሲቲ ለቋል። ለሲቴፍ ግን ግፊቱን ከሚለካው የቀኝ ልብ ካቴተር ጋር አብሮ ሲሠራ «ጠባሳው ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል ወይ?» የሚለውን ይመልሳል። ጠባሳው በትልልቆቹ ቅርንጫፎች ላይ ከሆነ የተመረጠው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው፦ ሰውነቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዝቅዞ፣ የደም ዝውውሩ በአንድ ጊዜ እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ቆሞ፣ ጠባሳው ከግድግዳው ተልጦ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዞ ይወጣል። ቢላ የማይደርስበት ራቅ ያለ ጠባሳ በፊኛ ካቴተር በተለያዩ ቀናት ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ ሪዮሲጓት የተባለው መድኃኒትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዚሁ ተፈቅዷል። ደም ማቅጠኛው ለዕድሜ ልክ ይቀጥላል። የቀዶ ሕክምናው ውጤት በሠሪው ማዕከል ልምድ ላይ በጣም ስለሚመካ፣ «አይቆረጥም» የሚል ፍርድ ከአንድ ማዕከል ብቻ ቢመጣ ሁለተኛውን መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው።

ቅጹ ላይ የሚጻፈው

መርጋቱ ከታከመ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀጠሮ ይያዛል። ምንም የማይሰማው ሰው ላይ ለማየት ብቻ ሲቲ መድገም አያስፈልግም፤ የቀረች ጠባሳ ብትገኝም በራሷ ሕክምናውን አትቀይርም። ትንፋሽ ማጠሩ የቀጠለበት ሰው ግን ኢኮና ቪኪው ይሠራለት።

መጠየቂያው ላይ «ደረት ሲቲ» ብሎ መጻፍ ተራውን ሲቲ ያመጣል፤ የኮንትራስቱ ሰዓት ለሌላ ጉዳይ የተስተካከለ ስለሚሆን የሳንባ ደም ቅዳው አይነበብም። የሚጻፈው «ሲቲፒኤ፣ ለሳንባ ደም መርጋት» ነው፤ ከሥሩም የዌልስ ነጥቡ፣ የኩላሊት ውጤቱ፣ ቀድሞ የነበረ መርጋት መቼ እንደሆነ። ለክትትል ከሆነ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «3 ወር ደም ማቅጠኛ ወስዷል፣ የቆየ መርጋት ምልክት ይፈለግ፣ የዋናው ደም ቅዳ ስፋትና የብሮንካስ ደም ቅዳዎች ይለኩ»። ራዲዮሎጂስቱ የተጠየቀውን ነው የሚፈልገው።

ሕመምተኛው ከሪፖርቱ ወረቀት ጋር የምስሉን ሲዲ፣ ስስ ቁራጮቹ ሁሉ ያሉበትን፣ ተቀብሎ ያስቀምጥ። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም «ይህች ጥቁር ቦታ ያኔም ነበረች?» ብሎ ሲጠይቅ የታተመ ፊልም አይመልስለትም፤ ያ ሲዲ ግን ይመልሳል።